ኮርነርባክ በነጠቃ ብቻ አይመዘንም

በስፖርት ገጻችሁ ኮርነርባክ የተባሉትን የአሜሪካ ፉትቦል ተከላካዮች በነጠቋቸው (ለተጋጣሚ ተቀባይ ተወርውረው እነርሱ በያዟቸው) ኳሶች ብዛት ደረጃ ስታወጡ ዳሬል ሪቪስን ከታች አስቀምጣችሁታል። ሚዛኑ አሳስቷችኋል።

የኮርነርባክ ሥራ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ እንደ ጥላ ተከትሎ ቅብብሉን ማምከን ነው። ሪቪስ ይህን አጥብቆ ስለቻለበት ኳስ ወርዋሪዎች ወደ እርሱ አቅጣጫ መወርወር ፈሩ፤ ያልተወረወረ ኳስ ደግሞ አይነጠቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 የኒው ዮርክ ጄትስን ቡድን የተቀላቀለው ይህ ተጫዋች በሙያ ዘመኑ ሁሉ የነጠቀው 29 ኳስ ነው። ሆኖም በ2023፣ ለምርጫ በቀረበበት የመጀመሪያ ዓመት፣ የፉትቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝነኞች አዳራሽ ገብቷል። ሰንጠረዣችሁ ይህን እንዴት ያስረዳል?

ዘመንም ይለያያል። የቀድሞው ኮርነርባክ ዲክ ሌን በ1952 የውድድር ዘመን በ12 ጨዋታዎች 14 ኳስ የነጠቀበት የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን እስካሁን አልተሰበረም። ከ1978 ወዲህ ግን ተከላካይ ከጨዋታው መነሻ መስመር ከ5 ያርድ በኋላ ተቀባዩን እንዳይገፋ በሕግ ተገድቧል፤ ስለዚህ የሁለቱን ዘመን ቁጥሮች እንዲሁ ማወዳደር አይቻልም።

በቀጣዩ ሰንጠረዣችሁ ከነጠቃው ጎን ወደ ተጫዋቹ የተወረወሩትንና ተቀባዮች የያዟቸውን ኳሶች ቁጥር አስገቡ፤ ለቀደምቶቹ መረጃው ከሌለ ቦታውን ባዶ ተዉት።