ለመስማት የሚቸገርን ሰው «ይደውሉልን» ለሚል ድርጅት የተጻፈ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በአግባቡ ስላልተስተካከለልኝ የመስማት አጋዥ መሣሪያ እና በስልክ ብቻ ስለሚሰጠው አገልግሎታችሁ

ጤና ይስጥልኝ።

ከእናንተ ዘንድ ለሁለቱም ጆሮዎቼ የመስማት አጋዥ መሣሪያ ገዝቻለሁ። የቀኙ ያፏጫል። ሳኝክ ያፏጫል፣ ስስቅ ያፏጫል፣ ሰው ሊያቅፈኝ ሲጠጋ ደግሞ ይብስበታል። ይህንኑ ገልጬ በኢሜይል ጻፍኩላችሁ። ወዲያው የደረሰኝ የማሽን መልስ «ለፈጣን አገልግሎት ይደውሉልን» ይላል። መልሼ ጻፍኩ፦ በስልክ ማውራት ይቸግረኛል፣ መሣሪያውን የገዛሁትም ስለማልሰማ ነው፣ እባካችሁ በጽሑፍ መልሱልኝ። ከዚያስ? «ደጋግመን ብንደውልም ስላላነሱ ጥያቄዎ ተዘግቷል» የሚል መልእክት መጣልኝ።

ጓደኞቼ መልእክቱን ሲያዩ በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ ላይ ግን ተናደድኩ። ጫማ የሚሸጥ ድርጅት እንዲህ ቢያደርገኝ ስለ እኔ ምን ያውቃል ብዬ አልፈው ነበር። እናንተ ግን የጆሮ ምርመራ ውጤቴ እጃችሁ ላይ ነው። የትኛው ድምፅ ጋ እንደምወድቅ ከእናትና አባቴ በላይ ታውቃላችሁ።

ስልክ ለምን እንደሚከብድ መቼም ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ግን ላስረዳ። እኔ የጎደሉኝ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ የመሳሰሉት። ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይልኝም። የተለመደው የድሮ ስልክ መስመር ደግሞ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም እኔ የምቸገርበትን ድምፅ፣ ከነጭራሹ ይቆርጠዋል። የተናጋሪውን ከንፈር ማየትም የለም። ጮክ ብላችሁ ብታወሩ የሚጨምረው ጩኸቱ ነው፣ ጥራቱ አይደለም።

በአካል ስመጣም ያው ነው። መጠበቂያ ክፍላችሁ ውስጥ ቴሌቪዥን ይጮሃል። ሠራተኛዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ማስክ እንዳደረገች፣ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዙራ ስም ትጠራለች። ተራዬ አለፈኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት እንደ እኔው ግራ ገብቷቸው በሩን ሲያዩ ነበር። ማስክ ባይኖር እንኳ ከንፈር ማንበብ ሁሉን አይፈታም። «ማር» እና «ባር» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ተራ ቁጥር የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ ማንጠልጠል ይህን ያህል ከባድ ነው? ካስቸገረስ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ማሳየትም ይቻላል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ፉጨቱን ያየው ባለሙያ «ይለምዱታል» ብሎ ሸኘኝ። እዚህ ላይ ነገሩን እንለየው። የሚለመድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁትን የወረቀት ኮሽታ፣ የማንኪያ ድምፅ፣ የራሴን ኮቴ እንደ አዲስ ስሰማ ራሴን አዙሮኝ ነበር። አእምሮ ይህን ለመላመድ ሳምንታት ይፈልጋል፣ እኔም ታገስኩ። ፉጨት ግን አይለመድም። ፉጨት ማለት ከጆሮ የሾለከ ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው የመሣሪያው ጫፍ ልክ አልሆነም፣ ወይም ኩክ ዘግቶታል፣ ወይም ድምፁ ያለልክ ተጨምሯል ማለት ነው። ሦስቱንም የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ማንም አላየም። መሣሪያው ሲገጠምልኝ ጆሮዬ ውስጥ በመብራት የተመለከተ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ሐኪም ሲያየኝ የቀኝ ጆሮዬ ግማሹ በኩክ ተሞልቶ ነበር።

ይባስ ብሎ ከመሣሪያው ጋር በስጦታ የሰጣችሁኝ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? የድርጅታችሁ አርማ የታተመበት የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ አንድ ሙሉ ዕቃ! ጆሮ ራሱን ያጸዳል። ቆዳው ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየተጓዘ ኩኩን ይዞት ይወጣል። የጥጥ እንጨት ይህንኑ ኩክ ወደ ታምቡር ይገፋዋል፣ ሲብስ ታምቡርን ይበሳል። መሣሪያ የሚያደርግ ሰው ደግሞ መውጫው ቀኑን ሙሉ ስለሚደፈንበት ኩክ ቶሎ ይጠራቀምበታል። ስለዚህ ያስፈልገኝ የነበረው በየጊዜው ጆሮዬን የሚያይልኝ ሰው እና የመሣሪያው የኩክ መከላከያ መቼ እንደሚቀየር የሚነግረኝ ወረቀት ነበር። ጥጡን ለማንም አልሰጠሁትም፣ ጣልኩት።

ሌላው የመለኪያው ጉዳይ ነው። የድምፁ መጠን የተወሰነው ኮምፒዩተሩ በገመተው ልክ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚገምተው በአማካይ ጆሮ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው የጆሮ ቀዳዳ ግን ስፋቱም ርዝመቱም ይለያያል። ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ከመሣሪያው ጎን አስገብቶ ታምቡሩ አጠገብ የሚደርሰውን ድምፅ በትክክል መለካት ይቻላል። ማስታወቂያችሁ ላይ ይህ ምርመራ እንዳላችሁ ተጽፏል። ስጠይቅ «ለእርስዎ አያስፈልግም» ተባልኩ። ለምን እንደማያስፈልግ የነገረኝ የለም።

ስለ እኔ ብቻ ያልሆነ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያው የማሽን መልሳችሁ «መሣሪያዎ ድምፅ ካቆመ ባትሪ ቀይረው እስክናገኝዎ ይጠብቁ» ይላል። ድምፅ ያቆመው መሣሪያው ሳይሆን ጆሮው ቢሆንስ? የመስማት ችሎታ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ይህ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ የስቴሮይድ መድኃኒት በቶሎ ሲጀመር ነው ተስፋው የተሻለ የሚሆነው። ባትሪ እየቀያየረ የእናንተን መልስ የሚጠብቅ ሰው ያንን ጊዜ ያጣዋል። «መሣሪያውን አውጥተው ጆሮዎን ይፈትኑ፤ ድንገት መስማት ካቆመ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ከሁሉም በላይ ይህን ዛሬ ብታደርጉት ደስ ይለኛል።

በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ የመስማት ችግራቸው እርዳታ የሚፈልግ ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከ60 ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ ከሩብ የሚበልጡት ይህ ችግር አለባቸው። ስልክ የሚከብደው ደንበኛ ለእናንተ ብርቅ ሊሆን አይገባም። ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል ድርጅት ስንቱን እያባረረ እንደሆነ እናንተው አስቡት።

ለራሴ የምጠይቀው ይህ ነው። የተዘጋው ጥያቄዬ ይከፈት። የቀኙ መሣሪያ ጫፍ በልኬ ይቀየርልኝ፣ ድምፁም ጆሮዬ ውስጥ ተለክቶ ይስተካከል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ችግሩን ካሳወቅሁበት ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ እንዳይቆጠርብኝ እፈልጋለሁ፣ ያዘገያችሁት እናንተ ናችሁና። ከተስተካከለ በኋላም ካፏጨ መሣሪያውን መልሼ ገንዘቤን እወስዳለሁ። ቀጠሮውን በኢሜይል ወይም በቴክስት ላኩልኝ።

መልሳችሁንም በጽሑፍ እጠብቃለሁ። እዚህ ደብዳቤ ላይ ስልክ ቁጥሬን ያላሰፈርኩት ሆን ብዬ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ