የየት አገር ከብት ነው?

አሰላሙ አለይኩም አባዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ዓይንዎ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ጠብታ በሰዓቱ ያደርጉታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የልጅ ልጅዎ ቀስ ብሎ እንዲያነብልዎ ነግሬዋለሁ። ከቡና ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ያልገባዎት ቦታ ያስቁሙትና ይድገመው።

ባለፈው በስልክ የጠየቁኝን አልረሳሁትም። «ሰማዩ ይሰፋል ትያለሽ። እሺ ይስፋ። ፍጥነቱን ማን ለካው? በምን?» አሉኝ። ክፍል ልገባ ስል ነበርና «ኋላ እነግርዎታለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለስንቱ የሰው ልጅ ፊዚክስ ሳስተምር እየዋልኩ፣ የገዛ አባቴ ለጠየቀኝ መልስ ላጣ? ያን ጊዜም፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ በኩል ፀሐይ ቀለበት የሆነች ዕለት፣ «ቀኑን አስቀድሞ ማን ነገራቸው?» ብለውኝ በወጉ ሳልመልስ ቀርቻለሁ። ሁለተኛ አይደገምም።

ደግሞ ጥያቄዎ ቀላል አይደለም። ትልልቆቹ የሥነ ፈለክ ሰዎች ዛሬም የሚከራከሩበት ነው።

መጀመሪያ «ይሰፋል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎ። የቡራቡሬ በሬ ቆዳ በችካል ሲወጠር ያስቡት። እርጥቡ ቆዳ ሲሳብ ጥቁሮቹ ነጠብጣቦች ይራራቃሉ። አንዳቸውም አልተራመዱም፤ የሰፋው ቆዳው ነው። አጠገብ ላጠገብ ያሉት ጥቂት ይራራቃሉ፤ ዳርና ዳር ያሉት ብዙ። ጋላክሲዎችም እንዲሁ ናቸው። ጋላክሲ ማለት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት መንጋ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከደጃችን የሚታየው ያ ነጭ ጭረት የእኛው መንጋ ነው፤ ከውስጡ ሆነን ስናየው። ዦርዥ ለሜትር የሚባል የቤልጂየም ቄስ እ.ኤ.አ. በ1927፣ ኤድዊን ሀብል የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ በ1929፣ ሌሎቹ መንጋዎች እየራቁን እንደሆነና የሩቆቹ በበለጠ ፍጥነት እንደሚርቁ አሳዩ።

ብርሃንም አብሮ ይለጠጣል። ከሩቅ ጋላክሲ የተነሣ ብርሃን መንገድ ላይ ሳለ ሰማዩ ስለሚሰፋ ሞገዱ ይረዝማል፤ ወደ ቀይ ያጋድላል። ምን ያህል እንደቀላ ካየን፣ ብርሃኑ ከተነሣ ወዲህ ሰማዩ በስንት እጥፍ እንደሰፋ እናውቃለን። ይህን መለካት ዛሬ አያስቸግርም። ያስቸገረው ጊዜው ነው። በስንት ዓመት ውስጥ ነው ይህን ያህል የሰፋው? ብርሃኑ ይህን አይናገርም። እርስዎ ከሐይቅ ተነሥተው ባቲ መግባትዎን ብሰማ፣ መቼ እንደተነሡ ካላወቅሁ እንዴት ባለ ፍጥነት እንደሄዱ ማወቅ አልችልም። ሰዓት ያስፈልጋል። ሰማይ ላይ ደግሞ ሰዓት የሰቀለ የለም።

እዚህ ላይ ነው እርስዎ ትዝ ያሉኝ።

ስምንት ዓመቴ ግድም ነበር። ሰኞ ነው፤ ባቲ ገበያ ይዘውኝ ወርደዋል። ግመሉ፣ አቧራው፣ የደላላው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ሰው ወይፈን ይዞ «ወላሂ ሦስት ዓመቱ ነው» አለዎት። አልተከራከሩትም። መጀመሪያ «የየት አገር ከብት ነው?» ብለው ጠየቁት። ከዚያ የታችኛውን ከንፈር ወረድ አድርገው ጥርሱን አዩ። በአውራ ጣትዎም ዳሰሱት። ትተውት ሄዱ።

ስንመለስ መንገድ ላይ አስረዱኝ። ከብት ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ድድ ብቻ ነው። ከታች ስምንት አለው። የወተት ጥርሱን ከመሀል ጀምሮ ሁለት ሁለት እያለ ይቀይራል። ስምንቱንም ቀይሮ ሲጨርስ ከዚያ ወዲያ የሚታየው ማለቁ ብቻ ነው። እኔም «ታዲያ አገሩን ለምን ጠየቁት?» አልኩዎት። የመለሱልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አሸዋማ አገር የጋጠ ከብት ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። ሳያረጅ ያረጀ ይመስላል። አገሩን ሳታውቂ ጥርሱን ብታይ ትሸወጃለሽ።»

አባዬ፣ ሰማይ ላይም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ራውል ሂሜኔዝና አብርሃም ሎብ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ሐሳብ አመጡ። ጋላክሲዎቹን ራሳቸውን ሰዓት እናድርጋቸው አሉ። ሁሉንም ግን አይደለም። ብዙዎቹ ጋላክሲዎች ዛሬም ኮከብ ይወልዳሉ። ጥጃውም ወይፈኑም ያረጀውም አንድ ላይ ነው፤ የእንዲህ ያለ መንጋ ዕድሜ ስንት ነው ይባላል? ግዙፍ ሆነው ቀይ የሆኑ ሌሎች አሉ። እነዚህ ከዋክብታቸውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም በጥንት ጊዜ፣ በአንድ ሰሞን ወልደው ያቆሙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጥጃ አልተጨመረባቸውም። ሥራቸው ማርጀት ብቻ ነው።

ሲያረጁ ምን ይሆናሉ? ትልልቆቹ ሰማያዊ ከዋክብት እንደ ጭራሮ እሳት ናቸው። ቦግ ብለው ነድደው በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ያልቃሉ። ትንንሾቹ እንደ ፍም ለቢሊዮን ዓመታት ይቆያሉ። ስለዚህ መንጋው እያደር ይቀላል። (የእህቴ ልጅ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ። ይህኛው ቅላት የእርጅና ነው፤ ቅድም ያልኩት ደግሞ የመለጠጥ። አያትህ እንዳይደባለቅባቸው።)

ጥርሱስ የትኛው ነው? የጋላክሲውን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጉት፣ ወይን ጠጁ ቀለም የሚያልቅበት አካባቢ፣ የሞገዱ ርዝመት 400 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) በሚሉት ቦታ፣ ብርሃኑ እንደ ደረጃ ድንገት ዝቅ ይላል። ከዋክብቱ ባረጁ ቁጥር ደረጃው ይጠልቃል። ጥርስ ብለው የሚያዩት ይህንን ነው። ብርሃኑን እዚያ ቦታ ላይ ከሚውጡት ነገሮች አንዱ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ካልሲየም! የወይፈኑም የእርስዎም የእኔም ጥርስ የተሠራበት ካልሲየም። እሱም ቢሆን ድሮ ከዋክብት ውስጥ የተሠራ ነው። ይህን የተረዳሁ ዕለት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሱብሐነላህ አልኩ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። እንዲህ ዓይነት ሁለት መንጋ ይወስዳሉ። በአንድ ሰሞን የተወለዱ ናቸው፤ ግን አንደኛው ከሌላው ትንሽ ይርቃል። ከሩቁ የመጣው ብርሃን ቀድሞ ስለተነሣ፣ ሩቁን መንጋ የምናየው በልጅነቱ ነው። ሁለቱን ጥርሶች አስተያይተው «በእነዚህ መካከል ይህን ያህል ዓመት አለ» ይላሉ። ያ ጊዜው ነው። የሁለቱን የመለጠጥ ቅላት ደግሞ ያስተያያሉ። ያ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰማዩ የሰፋው ነው። የሰፋውን በፈጀው ጊዜ ሲያካፍሉት ፍጥነቱ ይገኛል። ያውም የዛሬው ብቻ ሳይሆን፣ ከቢሊዮን ዓመታት በፊት የነበረው ፍጥነት።

እኔ የምወደው ግን ይህ ነው፦ የአንዱን መንጋ ዕድሜ በትክክል ማወቅ የግድ አይደለም። ልዩነቱ ይበቃል። እርስዎ በሁሉም ከብት ላይ ግማሽ ዓመት እያበለጡ ቢገምቱ እንኳ፣ ይህኛው ከዚያኛው በስንት ይበልጣል ሲባል አይሳሳቱም። ስሕተቱ እርስ በርሱ ይጣፋፋል።

የሚቸገሩት በምን መሰለዎት? በአገሩ! አንዳንዱ ጋላክሲ ከዋክብቱ ውስጥ ብረትና ሌላም ከባድ ንጥረ ነገር ይበዛበታል። ያ ሲበዛ ደረጃው ይጠልቃል፤ ጋላክሲው ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። አሸዋ እንደበላው ጥርስ ማለት ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ከመናገራቸው በፊት ከምን እንደተሠራ ማጣራት አለባቸው። ተቃራኒውም አለ። ካረጀው መንጋ መሀል ጥቂት አዲስ የተወለዱ ከዋክብት ከተደበቁ መንጋው ወጣት ይመስላል። እነሱንም ፈልገው ማውጣት አለባቸው። የድካማቸው ትልቁ ክፍል እዚህ ላይ ያልቃል።

አገር አለመጠየቅ ሀብልንም አሳስቶታል። እሱ ያገኘው ፍጥነት እጅግ የተጋነነ ነበር፤ ዛሬ ከሚታወቀው ሰባት እጥፍ ይሆናል። በእሱ ሒሳብ የዓለም ዕድሜ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ብቻ ሊሆን ነው። የምድር ድንጋይ ግን ከዚያ የበለጠ ዕድሜ አለው። ልጅ እናቱን በዕድሜ በለጠ እንደማለት ነው። ለርቀት መለኪያ የያዛቸው ከዋክብት ሁለት ዓይነት እንደሆኑና ሳይለዩ አብረው እንደተቆጠሩ ዋልተር ባዴ የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዛሬ የዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ግድም ነው ይባላል።

ክርክሩ ግን አላለቀም። ፕላንክ የምትባለው ሳተላይት ያየችውን የዓለምን ጥንታዊ ብርሃን ይዘው የሚያሰሉት 67 ይላሉ። የሚርገበገቡና የሚፈነዱ ከዋክብትን ይዘው የሚለኩት እነ አዳም ሪስ 73 ይላሉ። 67 ምን? 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት (የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው ርቀት ነው) የራቀ ጋላክሲ በአንድ ሰከንድ 67 ኪሎ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። የዚያ እጥፍ የራቀው በእጥፍ። ከሐይቅ ደሴ ደርሶ መልስ ከሚያህል መንገድ በላይ፣ «እህ» ለማለት በማይበቃ ጊዜ። በ67ና በ73 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ ሁለቱም ወገኖች በሥራቸው እርግጠኛ ስለሆኑ ትልቅ ራስ ምታት ሆኗል። ጥርስ የሚያዩት ሰዎች መሀል ገብተው እንዳያስታርቁ ደግሞ ግምታቸው ገና ሰፊ ነው፤ ሁለቱንም ቁጥር ያቅፋል። እኔ ግን ተስፋዬ እነሱ ላይ ነው። የሌላውን ወገን መለኪያ ሳይዋሱ፣ ከብቱን ራሱን አይተው የሚናገሩ ናቸውና።

አባዬ፣ ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ባቲ መውረድ እንዳቆሙ አውቃለሁ። «ከእንግዲህ እኔ ለማን እጠቅማለሁ» አሉ ብላ እህቴ ነገረችኝ። አንጀቴን በላችው። እኔ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ መለካት ምን እንደሆነ ሳስረዳ የምናገረው እርስዎ ያን ሰኞ የነገሩኝን ነው። ደግሞም እርስዎ ጥርስ የሚያዩት በዓይን ብቻ አልነበረም። አውራ ጣትዎ አለ።

ለዒድ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ደብተር ይዤ ነው የምመጣው። የራያው፣ የየጁው፣ ከአፋር በኩል የሚወጣው፣ የደላንታ ደጋው ከብት ጥርሱ እንዴት እንደሚያልቅ አንድ በአንድ ይነግሩኛል፤ እጽፋለሁ። የልጅ ልጅዎም ከጎናችን ይቀመጥ።

አዲስ ጊደር ገዛን ብላችኋል። እስክመጣ እንዳይሸጧት። በስልክ አገሯን ይንገሩኝ። ዕድሜዋን ግን አይንገሩኝ።

ልጅዎ፣ ከአዲስ አበባ