ለንቦቹ የተተወ መደብ

ሱሉልታ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? እናታችን ጉልበታቸው ተሻላቸው? 2 ዓመት ሙሉ ዝም ያልሁህ ረስቼህ አይደለም። የሰጠኸኝ ጊደር ሞታብኝ ነው፤ የሞተችውም በእኔ ጥፋት ነው።

ለከብት መኖ የዘራሁት አልፋልፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰልኝ ያን ሰሞን ነበር። ደስታው አስቸኮለኝና ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ አጭጄ፣ ባዶ ሆዷን ላደረች ጊደር እስክትጠግብ ሰጠኋት። ረፋዱ ላይ የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ዘይት አጠጣናት፣ አቁመን አስኬድናት፤ አልተረፈችም። እርጥብ አልፋልፋ ሆድ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ አየሩ በአረፋው ተይዞ በግሳት መውጣት ያቅተዋል። ይህን ያወቅሁት ከቀበርኳት በኋላ ነው። ዛሬ አጠውልጌ፣ ከድርቆሽ ጋር ቀላቅዬ ነው የምሰጠው፤ አስቀድሜም ጭድ አበላለሁ። ይቅር በለኝ።

አልፋልፋውን ግን አልነቀልሁትም። ሜዳው በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ የእኔ ከቤቱ በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው። አሁን የአገሩ ድርቆሽ ታጭዶ ምድሩ ሁሉ ሲገረጣ፣ በጉድጓድ ውሃ ለምልሞ የቆመው እርሱ ብቻ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ እየገዛሁ ብቻ 2 ላሞች መያዝ አልችልም ነበር።

ዓምና ደግሞ 3 ቀፎ አስቀመጥሁ። ጭንቀቴም ከዚያ ጀመረ። ለላም ከሆነ ከ10 ዘንግ አንዱ ማበብ ሲጀምር ማጨድ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አገዳው ይጠነክራል፣ ቅጠሉም ይረግፋል። ለንብ ከሆነ ደግሞ ሐምራዊው አበባ ሞልቶ እስኪፈካ መጠበቅ ነው። ሁለቱንም ሙሉ ለሙሉ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ከ6 መደብ 4ቱን ለላሞቹ አጭዳለሁ፣ 2ቱን ለንቦቹ እተዋለሁ። ጎረቤቶቼ መኖ አባከነ ይላሉ፤ እኔ ግን አደይ አበባ ካለፈ ወዲህ ንቦቹ ሌላ የሚቀስሙት እንደሚያጡ አይቻለሁና አልሰማቸውም።

ቁጭ ብለህ ብታያቸው! አበባው ውስጥ የታጠፈ ዘንግ አለ፤ ንቧ ገፍታ ስትገባ ተፈናጥሮ ከአገጯ ሥር ይመታታል። አንዴ ሁለቴ የተመታችው ትማራለች፤ ከዚያ በኋላ ከፊት አትገባም፣ በጎን በኩል ምላሷን ሰዳ ወለላውን ትወስዳለች። እንዲህ ሲሆን አበባው ሳይዳቀል ይቀራልና ዘሩ ጥቂት ነው፤ ማሩ ግን አለ፤ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ ቶሎ የሚረጋ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ብርጭቆ ልኬልሃለሁ፤ ለእናታችን በሻይ ስጣቸው። ትልቋ ላም ለፋሲካ ትወልዳለች። ሴት ከወለደች ጥጃዋ ያንተ ናት፤ መጥተህ ራስህ ስም አውጣላት።