ተከላካይ ጠበቃ ችሎት ሲሰየም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከተከሳሽ ጎን ሲቆሙ የኖሩ ጠበቆች ዳኛ ሆነው ቢሾሙ ያዳላሉ የሚለው ሥጋት ሲነሳ፣ የካናዳዊው አንጀሎ ብራንካ ሕይወት ቢታወስ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1903 በቫንኩቨር ደሴት፣ ማውንት ሲከር በተባለ የመዳብ ማዕድን መንደር ከጣሊያናውያን ስደተኞች የተወለዱት ብራንካ፣ ስማቸው የገነነው በቫንኩቨር በነፍስ ግድያ ለተከሰሱ ሰዎች ጥብቅና በመቆም ነው። ካናዳ በስቅላት መቅጣቷን ያቆመችው በ1962 መገባደጃ ላይ በመሆኑ፣ በዚያ ዘመን ጠበቃው ሲሸነፍ ደንበኛውን ገመድ ሊጠብቀው ይችል ነበር። (በወጣትነታቸው ቦክሰኛ መሆናቸውም ለዚህ ሥራ ሳይበጃቸው አልቀረም።)

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የ1940 አቋማቸው ነው። ጣሊያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ካናዳ 600 ያህል ጣሊያናውያንን ያለ ክስ አጋዘች፤ መንግሥት ለዚህ ይቅርታ የጠየቀው በ2021 ነው። የሙሶሊኒ ተቃዋሚ የነበሩት ብራንካ በዚያ ጭንቅ ወቅት የወገኖቻቸውን ለካናዳ ታማኝነት የሚያሳይ ማኅበር አቋቁመዋል።

በ1963 ቫንኩቨር የምትገኝበት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ከእርሱ በላይ ወዳለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተሻገሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕግ ባለሙያ አንባቢ