በቅጂ መብት ስም አፋችን አይዘጋ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የቅጂ መብት ሕግ የወጣው ድምፃዊው፣ ደራሲውና ሠዓሊው የላባቸውን ፍሬ እንዲበሉ ነው። ይኸው ሕግ የመንግሥትን ሥራ የሚጠይቅ ዜጋ አፍ መዝጊያ ሲሆን በራሴ ደርሶብኝ ስላየሁት፣ በጋዜጣችሁ ላይ አቤት እንድል ይፈቀድልኝ።

ዩቲዩብ ላይ አነስተኛ ቻናል አለኝ። የምክር ቤት ስብሰባዎችንና የባለሥልጣናት መግለጫዎችን እከታተላለሁ፤ የተገባውን ቃል እመዘግባለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ «ያ ነገር የት ደረሰ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስድብ የለበትም፤ የማንንም ብሔርና ሃይማኖት አላነሣም። ባለፈው ዓመት አንድ ኃላፊ ስለ አካባቢያችን የውሃ መስመር የተናገሩባቸውን ሁለት ቁራጭ ምስሎች አከታትዬ አቀረብኩ። በመጀመሪያው ሥራው በበጀት ዓመቱ ውስጥ እንደሚጠናቀቅ ቃል ይገባሉ። በሁለተኛው፣ ዓመት ቆይተው፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ፕሮጀክቱ ገና በጥናት ላይ መሆኑን ያስረዳሉ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ደቂቃ አይሞሉም። የቀረው የእኔ ፊትና የእኔ ጥያቄ ነው። ምስሎቹን የወሰድኩት በሕዝብ ገንዘብ ከሚተዳደር ጣቢያ ሥርጭት ላይ ነበር፤ አርማውን ከነበረበት ጥግ አላነሣሁም፣ ምንጩንም በቃሌ ተናግሬያለሁ።

ቪዲዮው ብዙ ሰው ማየት ሲጀምር ወረደ። በኢሜይል የደረሰኝ መልእክት ጣቢያው የቅጂ መብት ባለቤት ነኝ ብሎ እንዲነሣ መጠየቁንና በቻናሌም ላይ ስትራይክ፣ ማለትም የጥሰት ማስጠንቀቂያ፣ መመዝገቡን ይገልጻል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ያገኘው ቻናል ከነቪዲዮዎቹ ሊጠፋ እንደሚችል ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የእኚሁ ኃላፊ ንግግር ሙሉውን ተቆርጦ፣ ሙዚቃ ተደርጎበት፣ ሙገሳ ተጽፎበት የተለቀቀባቸው ቻናሎች አሉ፤ እነሱን የነካቸው የለም። ጣቢያው ንብረቱን የሚጠብቀው ንብረቱ ጥያቄ ሲያስነሣ ብቻ ከሆነ፣ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው።

«ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል» ይባላል። ይቻላል፤ ቅጹን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ሥርዓቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ካወጣችው የዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ሕግ ነው። ተቃዋሚው ሙሉ ስሙን፣ የመኖሪያ አድራሻውንና ስልኩን ይሞላል። ክርክሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ በአሜሪካን አገር ለመዳኘት ይስማማል። የተናገረው ሐሰት ቢሆን እንደሚጠየቅ አውቆ ይፈርማል። ከዚያ ይህ ሁሉ መረጃ ቪዲዮውን ላስነሣው አካል ይላካል፤ ያ አካል በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። ሎስ አንጀለስ ለሚኖር ሰው ይህ ተራ ወረቀት ይሆን ይሆናል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ባለሥልጣን ለሚተች ሰው ግን የቤቱን አድራሻ በገዛ እጁ ጽፎ ለመንግሥት ተቋም ማስረከብ ነው። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ ቅጹን አነበበችና «ልጆች እንዳሉህ አትርሳ» አለችኝ። ዘጋሁት። ቪዲዮው እስከ ዛሬ የለም።

ማንም አላሰረኝም፣ ማንም አልደወለልኝም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በድሮው ዘመን ሳንሱር የሚባል ቢሮ ነበር፤ የቆረጠውን ሰው ታውቀዋለህ፣ ልትረግመውም ትችላለህ። አሁን ቅጽ የሚሞላ አንድ ሠራተኛ ይበቃል። ዳኛ አያየውም፣ ምክንያት አይጠየቅም፣ የሚፈርደው ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ከእኔ ጋር ጠብ የለውም፣ ከተጠያቂነት ለመዳን ብሎ ብቻ ያወርዳል።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 10 ከታተመ ሥራ ላይ ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ፣ ምንጩንና ደራሲውን ጠቅሶ መጥቀስን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል። እኔ ያደረግሁት ከዚህ አያልፍም። አንቀጽ 5 ደግሞ ሕግ ነክና አስተዳደራዊ የሆኑ ይፋዊ ጽሑፎችን ከነጭራሹ ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል፤ አዋጅንና ደንብን ማንም የእኔ ነው ብሎ ሊቆልፍበት አይችልም። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መንግሥት በመንግሥትነቱ የሚናገረው የሁሉም ነው። ችግሩ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ጽሑፍ ብቻ መሆኑ ነው። በ1996 ማንኛችንም የምክር ቤት ውሎን በስልካችን አንመለከትም ነበር። ዛሬ ግን ኃላፊው የሚሰጠው ቃል የሚገኘው በቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮው ከተቆለፈ ቃሉም ተቆለፈ ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱን ላንሣ። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባዎች በግልጽ እንደሚካሄዱ ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ሳንሱርን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃንም የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። የተለያየ አስተያየት ማስተናገዱ ቀርቶ ሌላ ቦታ የተነገረውን አስተያየት የዩቲዩብ መቀመጫ በሆነችው በካሊፎርኒያ በኩል ዞሮ ማስወረድ ከዚህ ድንጋጌ ጋር እንዴት ይታረቃል?

ይህን የማስወረድ ሥርዓት ለዓለም ያስተዋወቀችው አሜሪካ፣ የፌዴራል መንግሥቷ ሠራተኞች በሥራቸው ያዘጋጁትን ነገር በቅጂ መብት አትጠብቅም። ፎቶውም፣ ቪዲዮውም፣ ሪፖርቱም ለማንም ክፍት ነው። እኛ የእሷን በትር ተውሰን ገደቡን እዚያው ጥለንለት መጣን። በዚህ መንገድ የሄድነውም እኛ ብቻ አይደለንም። በኢኳዶር በፕሬዚዳንት ራፋኤል ኮሬያ ዘመን የመንግሥት ቴሌቪዥን ምስሎችን የተጠቀሙ፣ ፕሬዚዳንቱን የሚተቹ ቪዲዮዎች በዚሁ በቅጂ መብት አቤቱታ ይነሡ ነበር። ዘዴው የታወቀ ነው።

ነገሩ ለብቻው የቆመ ቢሆን ኖሮ አንድ ቪዲዮ ነው ብዬ በተውኩት። ግን የምንኖርበትን አየር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። በየካቲት 2015 በቤተ ክርስቲያን በተነሣው ችግር ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለወራት ተገድበው ሕዝቡ እገዳውን የሚያልፍበትን ቪፒኤን የሚባል መተግበሪያ መጠቀም ተማረ። በጥላቻ ንግግርና በሐሰተኛ መረጃ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ላሰራጨ እስከ 1 ዓመት እስራት ሲደነግግ፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል ይላል። ጥላቻን መከላከል እንደሚያስፈልግ አልክድም፤ በቃል የተለኮሰ እሳት ስንት ቤት እንዳቃጠለ ያየን ሰዎች ነን። ግን ሰሚ በበዛልህ ቁጥር እስሩም የሚረዝም ከሆነ፣ እውነተኛ ነገር የያዘ ሰው ሳይቀር ሁለቴ ያስባል። በዚህ ላይ የቅጂ መብቱ ሲጨመር፣ በአንዱ በር ያልተያዝክ በሌላው ትያዛለህ።

በሌላ በኩል ሕጉ የወጣላቸው ሰዎች ምን አገኙ? አንድ የማውቃቸው የግጥምና ዜማ ደራሲ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የካሴት ዘመን ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዘን እንደተቀመጥን የእሳቸው ዘፈን በድምፅ ማጉያው መጣ። አዲስ ልጅ ነው የሚዘፍነው፤ ሲንተሳይዘሩ በዝቶበታል፣ ግጥሙ ግን ቃል በቃል የእሳቸው ነው። «ፈቃድ ጠይቆዎታል?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሆቴሉስ ይከፍላል? አይከፍልም። ሚኒባሱስ፣ ሠርግ ቤቱስ? አዋጁ እኮ ለደራሲ በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት መብት ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ጋሼ ሀብታም ናቸው። እንዲያውም አዋጁ በመጀመሪያ ሲወጣ አውቆ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይል ነበር። ያን ያህል የከበደ ሕግ ለእሳቸው አንዲት ሳንቲም አላመጣላቸውም። ለእሳቸው ጊዜ ጠበቃ ያስፈልጋል፣ ምስክር ያስፈልጋል፣ የቀጠሮ ምልልስ አለ። ለጣቢያው ጊዜ በቅጽ ያልቃል። ይህን ሳስብ ነው ደሜ የሚፈላው።

ጣቢያዎቹ የሚሉትንም እሰማለሁ። ካሜራ ያወጣሉ፣ ባለሙያ ይቀጥራሉ፤ ሙሉ ድራማቸውን፣ ሙሉ የእግር ኳስ ሥርጭታቸውን ወስደው በማስታወቂያ የሚነግዱ ቻናሎች መዓት ናቸው። እነሱን ይክሰሱ፣ ልክ ናቸው። የደራሲን፣ የተዋናይንና የካሜራ ባለሙያን ድካም መስረቅ ስርቆት ነው። ባለሥልጣን በሕዝብ ጉባኤ ላይ የተናገረው አርባ ሰከንድ ግን የማንም የጥበብ ሥራ አይደለም፤ የካሜራውንም ዋጋ የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች የስብሰባዎቻቸውን ቅጂ ማንም ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምበት በይፋ ይልቀቁ፤ ይህ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፣ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። አዋጅ 410 ቀድሞ በ2007 ተሻሽሏል፤ ዳግመኛ ሲነካ አንቀጽ 5 ላይ የይፋዊ ስብሰባና መግለጫ የድምፅና የምስል ቅጂ ይጨመርበት። ሐሰተኛ የቅጂ መብት አቤቱታ አቅርቦ የሌላውን ሥራ ያስወረደ አካልም ኪሣራ ይክፈል፤ የአሜሪካው ሕግ እንኳ ለዚህ ተጠያቂነት አስቀምጧል። በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ ጣቢያዎች ደግሞ ለትችት የተጠቀሰ አጭር ቁራጭን ላለማስወረድ የሚያስገድዳቸው የአሠራር መመሪያ ያውጡ፤ ማስወረድ አለብን ካሉም ጉዳዩን አዲስ አበባ ላይ፣ በአገራችን ፍርድ ቤት፣ በአገራችን ቋንቋ ያቅርቡት። እዚያ ብከሰስ ስሜንም አድራሻዬንም ሰጥቼ እቀርባለሁ።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። የጋዜጣችሁ ዘጋቢዎች የምክር ቤት ውሎን ዘወትር ይከታተላሉ። ከመንግሥት ጣቢያዎች በየዓመቱ ስንት የማስወረድ ጥያቄ እንደተላከ፣ በማን ላይና በምን ምክንያት እንደሆነ ጠይቁልንና አትሙልን። የውሃ መስመሩንም አብራችሁ ጠይቁ፤ በሰፈራችን ዛሬም ጀሪካን ይዘን ነው የምንሰለፈው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ