ፓስፖርትና የበረራ ፈቃድ ለየቅል ናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጥምር ዜግነት ነገር በተነሳ ቁጥር «የውጭ ፓስፖርት ይኑርህ እንጂ የትም ሄደህ ትሠራለህ» ሲባል እንሰማለን። ለሄሊኮፕተር አብራሪ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ፓስፖርት ተቀጥሮ የመሥራት መብት ይሰጣል፤ የማብረር ፈቃድ የሚሰጠው የየአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ሲሆን እሱ የሚመዝነው ሰዓት፣ ፈተናና ጤና ነው።

በአሜሪካ ለንግድ ሄሊኮፕተር አብራሪነት ፈቃድ 150 የበረራ ሰዓት ይበቃል። በዚህ ሰዓት የሚቀጥር ግን የለም ማለት ይቻላል። አስጎብኚዎችም ሆኑ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ሠራተኛ የሚያመላልሱ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ 1,000 ሰዓት ገደማ ይጠይቃሉ፤ ኢንሹራንሱ ነው የሚያስጠይቃቸው። ጀማሪው ይህን ክፍተት የሚሞላው በሮቢንሰን አር22 ወይም አር44 በተባሉት ትናንሽ የማሠልጠኛ ሄሊኮፕተሮች ላይ አስተማሪ ሆኖ ነው። በኤም-1 (የሙያ ትምህርት) ቪዛ የመጣ ተማሪ ደግሞ ለአራት ወር ትምህርት አንድ ወር ሥራ፣ ቢበዛ ስድስት ወር ብቻ ይፈቀድለታል። የጎደለውን 850 ሰዓት ገደማ በስድስት ወር አስተምሮ መሙላት የማይታሰብ ነው፤ ደመናና ነፋስ ያለበት ወቅት ከገባማ ግማሹም አይሞላም።

ለዚህ ችግር መፍትሔው የግድ ዜግነት መቀየር አይደለም፤ ግሪን ካርድ፣ ማለትም የአሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በመኖሪያ ፈቃድ ግን ማንም ዜግነቱን አያጣም። ዜግነት የግድ የሚሆነው ለሠራዊቱ አብራሪነትና የጥብቅ ምስጢር ፈቃድ ለሚጠይቁ የመንግሥት ኮንትራቶች ነው። እኛን ከጠየቃችሁን፣ ሰዓት ለመሙላት ብሎ ዜግነት መቀየር መቸኮል ነው።

ከኢትዮጵያ ፈቃድ ይዞ የሚሄደውም አንድ ነገር ይወቅ። አሜሪካኖቹ የውጭ ፈቃድን አይተው ያለ ተጨማሪ የብቃት ፈተና የሚሰጡት የግል አብራሪነትን ብቻ ነው፤ በዚያ ተከፍሎ መብረር አይቻልም። ሎግ ቡኩ (የበረራ መዝገቡ) ላይ ያለው ሰዓት ይያዝለታል፣ የንግዱን የጽሑፍና የበረራ ፈተና ግን መውሰድ አለበት።

ብዙውን ሰው የሚያሰናክለው ስምና የልደት ቀን ነው። የእኛ የአያት ስም እዚያ የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ የአባት ስም መሐል ይገባል ወይም ይዘለላል። ፀጋዬ በአንዱ ሰነድ በቲ፣ በሌላው በኤስ ይጀምራል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ዓመት ሳይለወጥ ከገባ ደግሞ ሰውዬው በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ይህ ሁሉ የሚፈነዳው አብራሪው ለሥራ የሄደበት የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገር የአቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን ሰጪውን አገር ሲጠይቅና «በዚህ ስም መዝገብ የለም» የሚል መልስ ሲመጣ ነው። እስኪጣራ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ የጤና ምርመራ ቅጽ ከመሙላት በፊት ፊደልና ቀን አንድ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የጤናው ወረቀት፣ ፈቃዱ፣ ሎግ ቡኩና ፓስፖርቱ በአንድ ስም ይሂዱ። ፈቃዱ ላይ ዜግነትም ስለሚታተም፣ ዜግነት የቀየረ ሰው ማስለወጥ አለበት። በአሜሪካ ይህ የሚሆነው ፓስፖርት ይዞ የአቪዬሽኑ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በአካል በመቅረብ ነው።

አሜሪካዊ የሆነ ሰው የትም ቢሠራ ለአሜሪካ ግብር ማስታወቁ አይቀርም። ለ2024 እስከ 126,500 ዶላር የውጭ ደመወዝ ከግብር ነፃ የሚያደርገው አንዱ መንገድ በ12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ውጭ አገር መቆየት ነው። 28 ቀን ሥራ፣ 28 ቀን ዕረፍት የሚሠራ አብራሪ ዕረፍቱን አሜሪካ ካሳለፈ 182 ቀን ገደማ ብቻ ያገኛል፤ አይሞላለትም። ዕረፍቱን አዲስ አበባ ቢያሳልፍ ቀኑ ይቆጠርለታል፤ ቤተሰቡና ኑሮው አሜሪካ ከሆነ ግን ይህም ላያድነው ይችላል።

ዜግነት ቀይሮ ወደ አገር ቤት ለሚመለሰው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የሥራ ፈቃድ ከመጠየቅ ያድነዋል፤ መከላከያና ደኅንነት ውስጥ ግን አያስቀጥረውም። የውጭ ፈቃዱንም አስቀድሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ማጸደቅ አለበት።

በሙያው ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ