ደበሎ በጆንያ

ጥር 2 ቀን 2012 ዓ.ም.
ምሥራቅ ጎጃም

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔና ባለቤቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁበትን ምክንያት ወደ በኋላ አመጣዋለሁ። ከእሱ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ ወረቀቱን ቀድጄ እተኛለሁ።

ያለነው ከብቸና ወጣ ብሎ፣ የቅኔ ጉባኤ ባለበት ደብር ነው። የደብራችን ማኅበር የአብነት ተማሪዎችን እስከ ጥምቀት የሚያገለግሉ ጡረተኞች ሲፈልግ፣ ባለቤቴ ሳያማክረኝ የሁለታችንንም ስም አስመዘገበ። «አንቺ ነርስ ነሽ፤ እኔም እንጨት መፍለጥ አያቅተኝም» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው መጥረቢያ ሲይዝ ብታዪው! በኅዳር የዓባይን በረሃ ተሻግረን ደጀን ስንወጣ ሦስት ካርቶን መድኃኒትና አንዲት የልብስ ሻንጣ ብቻ ይዘን ነበር። ሻንጣዋ ሁለት መሆን ነበረባት፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው የታኅሣሥ ውርጭ አጥንት ይሰረስራል።

የእኔ ሥራ እከክ ነው። ልጆቹ በየጎጆዋ ሦስት አራት እየሆኑ ተቃቅፈው ስለሚተኙ አንዱን የያዘው ሁሉንም ይይዛል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ የሰልፈር ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቀን ካልተቀቡና ልብሳቸው ካልተቀቀለ፣ ዳነ ያልሽው በሳምንቱ እያከከ ይመለሳል። ቁምጣውና ነጠላው ይቀቀላል። የበግ ቆዳው ለምዳቸው፣ ደበሎስ? የፈላ ውሃ ከነካው ተጨማዶ ይቀራል። ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ እምብዛም ስለማይቆይ፣ ደበሎዎቹን በሙሉ ሰብስቤ በጆንያ ጠቀጠቅኋቸውና አፉን በሲባጎ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት።

የቅኔ ተማሪ ያለ ደበሎ እንዴት እንደሚያድር ግን አላሰብኩበትም። በመጀመሪያዋ ሌሊት ባለቤቴ ተነሥቶ መጀመሪያ የራሱን ጋቢ፣ ቀጥሎ የእኔን፣ በመጨረሻም የአልጋችንን ብርድ ልብስ ለልጆቹ አድሎ ተመለሰና ካፖርቱን ደርቦ ምድጃው ዳር ተቀመጠ። አልተቆጣሁም አልልሽም።

በሦስተኛው ቀን፣ ጆንያው ገና ሳይፈታ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ የቆጠረውን ጉባኤ ቃና ለየኔታ አሰማ። ሁለት ቤት ብቻ ነች። የእኔ ግእዝ ከጸሎት እንደማያልፍ ታውቂያለሽ፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች ፈቱልኝ። ሰሙ ደበሎ ሦስት ቀን በጆንያ ሆድ ማደሩ ነው፤ ወርቁ ዮናስ ሦስት ቀን በዓሣ አንበሪ ሆድ ማደሩ። ጉባኤው «ይበል! ይበል!» አለ። የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ፊታቸውን በድምፄ አቅጣጫ መልሰው «እሜቴ፣ እንግዲህ ዓሣ አንበሪዋ እርስዎ ነዎት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ በሌላ ስም የሚጠራኝ የለም።

ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገናን ያከበርነው ታኅሣሥ 28 ነው። ማኅሌቱና ቅዳሴው ሌሊቱን አለቀ። እኔ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ዶሮ ወጡን ስሠራ ሰንብቼ ልጆቹን አበላኋቸው። በልተው እንደጨረሱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አኩፋዳቸውን አንግተው ለልመና ወጡ። በገና ቀን! የደከምኩበት አልበቃቸው ብሎ ነው ብዬ ከፋኝ። የኔታ «ይሂዱ፤ የሚጠብቋቸው አሉ» ብቻ አሉ።

ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ትንሹን ልጅ ተከተልኩት። የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከአንድ ቤት አጥር ውጭ ቆመና «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በቀጭን ድምፁ ተጣራ። አንዲት አሮጊት ወጡ። «ዛሬስ ቆየህብኝ» አሉት። ሳህን በሳህን ከድነው ያቆዩለትን የዶሮ ብልት በእንጀራ ጠቅልለው አኩፋዳው ውስጥ አስገቡለት፤ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉ።

እህቴ፣ እናትሽን አየኋቸው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የእኔን ድርሻ እንደዚያው ሳህን በሳህን ከድነው «ዛሬስ ቆየሽብኝ» ይሉኝ የነበረውን። እሳቸው ሲያርፉ የሰማሁት በሠልስቱ ነበር። ለአርባቸው እደርሳለሁ አልኩ። ጉልበቴን አሞኛል ብዬ የላክሁብሽ ሐሰት ነው፤ ለቀብር ያልደረሰ ሰው ለአርባ በምን ፊቱ ይመጣል ብዬ ቀረሁ። ሙት ዓመቱም እንዲሁ አለፈ። ስልኩ ሲጮኽ ስምሽን እያየሁ ዝም አልኩ። ከዚህ የባሰውንም ልንገርሽ፤ በኅዳር ወደዚህ ስንመጣ አውቶቡሱ ፍቼ ላይ ለምሳ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ መጋረጃውን ስቤ ተቀመጥኩ።

ይቅርታውን በወረቀት አልጠይቅሽም። ጥምቀትን እዚህ አክብረን ጥር 14 እንነሣለን፤ ፍቼ ላይ እወርዳለሁ። ባለቤቴም ይወርድ ይሆናል፣ ቅልጥሙ ከፈቀደለት። በ67 ዓመቱ ገና ልጫወት ብሎ ገብቶ በዱላ ቀምሷል፤ የመታው ልጅ እስከ ዛሬ ድረስ ሲያየው ከደጀ ሰላሙ ጀርባ ይደበቃል። ለአንቺ ነጭ ጤፍ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። የእናትሽን መቃብር ግን ብቻዬን መሄድ አልደፍርም፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።

እህትሽ፣
ዓሣ አንበሪዋ